የማትዋሸው ሰው

በ2068 ዓ.ም. መስከረም ሁለተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ለሶሊያና ዝርዝሩ ደረሳት። አርባ አንድ ስም ነበረበት።

ዝርዝሩ ለማንም የሚመጣው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። በየቤቱ ያለው ጠያቂ፣ ማለትም ጠዋት «እንዴት አደሩ?» ማታ «እንዴት ዋሉ?» የሚለው ድምፅ፣ ታማሚው ከሰው ጋር የሚያወራውን ሁሉ ለአንድ ወር ያዳምጣል። ከዚያ የሰዎቹን ስም በቅደም ተከተል ይደረድራል። ከላይ ያለው ታማሚው ከሁሉ ያነሰ የሚዋሸው ሰው ነው፤ ከታች ያለው ደግሞ አብዝቶ የሚዋሸው። አንደኛ የወጣው ሰው ፈቃደኛ ከሆነ ከታማሚው ጋር የሕክምና ማቆያ ይገባል።

ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጠያቂው ብቻውን ይበቃል ተብሎ ነበር። በአርባ ዲግሪ ትኩሳት የሚነዱ ሰዎች «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው መለሱ። ማሽኑም ደህና ናቸው ብሎ መዘገበ። አንድ የወረኢሉ ሽማግሌ ሊሞቱ አሥር ደቂቃ ሲቀራቸው ማሽኑን መልሰው «አንተስ፣ ልጆች ደህና ናቸው?» ብለውታል። ለሰላምታ ሕመምን መመለስ ነውር መሆኑን ለማሽኑ ማስረዳት አልተቻለም። ስለዚህ ሰው ተጨመረ።

ሶሊያና መነጽሯ አጠገቧ ስላልነበረ ዝርዝሩን ልጇ አስካለ አነበበችላት። አስካለ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ነች። እሷ በተወለደችበት ጊዜ ልጅን በቅድመ አያት ስም መጥራት ፋሽን ሆኖ ነበር።

«የንስሐ አባትሽ አሥራ ሁለተኛ ናቸው» አለች።

«አሥራ ሁለተኛ? አይነፋም። አምስት ውስጥ ይገባሉ ብዬ ነበር።»

«እኔ የለሁበትም።»

«አለሽ። ወደ ታች ውረጂ።»

አስካለ ወረደች። ሠላሳ ዘጠነኛ ነበረች። ከእሷ በታች የቀሩት የእድሩ ሊቀ መንበርና፣ ሶሊያና ሁልጊዜ «መንገድ ላይ ነኝ» የምትላት አንዲት ደንበኛ ብቻ ነበሩ።

«ከእድሩ ሊቀ መንበር በአንድ ብቻ ነው የምበልጠው?»

«አስኩዬ…»

«ወሩን ሙሉ በየቀኑ ደውዬ 'እንዴት ነሽ?' ስልሽ…»

«ደህና ነኝ አልኩሽ። ምን ልበልሽ ታዲያ? አንሶላው በላብ እየራሰ ነው፣ አንገቴ ላይ ያለው ንፍፊት እንቁላል አክሏል ልበልሽ? ሥራ ላይ ነሽ እኮ።»

አስካለ ስለ ላቡ የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ዝርዝሩን አጠፈችና ለትንሽ ጊዜ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ከዚያ አንደኛ የወጣውን ስም ለማየት እንደገና ዘረጋችው።

አንደኛ የወጣው አባቷ ኢዮስያስ ነው።

ኢዮስያስና ሶሊያና ከተፋቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ደሴ ያለውን ግቢያቸውን ለሁለት ከፍለው፣ መሐሉን አጥር አቁመውበት፣ ሁለቱም እዚያው አሉ። አጥሩ ሥር ያለው የዘይቶን ዛፍ የእሱ ነው፤ ቅጠሉ የሚረግፈው ግን የእሷ ቆርቆሮ ላይ ነው። አሸንዳው በተደፈነ ቁጥር ትደውልለታለች፤ በበጋ በሳምንት አንዴ፣ በክረምት ሁለቴ። አጥሩ አጠገብ ቆሞ መነጋገር ይቻል ነበር። ነገር ግን ከፍቺው በኋላ በስልክ መጣላት ለሁለቱም ተመችቷቸዋል። ጠያቂው አዳምጦ አንደኛ ያወጣው ይህንን ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለችለት።

«ስማ፣ አሸንዳው።»

«ደግሞ ምን ሆነ?»

«ያው ነው። ሌላ ደግሞ፣ ካንሰሩ ተመልሷል። ሦስተኛው ነው። መድኃኒቱም ጨረሩም እንቢ ብሎታል፤ የቀሩኝ ዘቦቹ ናቸው። ዝርዝሩ ላይ አንተ ነህ የወጣኸው።»

አንድ ወፍ ሲጮህ ከስልኩም ከመስኮቷም እኩል ተሰማት።

«እና አሁን አሸንዳውን ልጥረግ ወይስ ልምጣ?»

«ጠርገህ ና።»

ጠርጎ መጣ። ዝርዝሩን አየና የራሱን ስም ከላይ አገኘ። በልቡም፣ ማሽኑ አንድ ነገር አልሰማም ማለት ነው፣ አለ።

ኢዮስያስ ጡረታ የወጣ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ነው። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሦስት መቶ አርባ የደሴ ሠርግ፣ የራሱንም ጨምሮ፣ የያዘው ዲስክ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሶሊያና ያኔ ፒያሳ ላይ የሞባይል ጥገና ቤት ነበራት፤ ዲስኩም አንድ ቀን ጠረጴዛዋ ላይ ውሎ ነበር። «ነክተሽዋል?» አላት። «አልነካሁትም፤ በራሱ ነው የሞተው» አለችው። ኢዮስያስ አንድ ክረምት ሙሉ በየሰው ደጃፍ እየዞረ «ሠርጋችሁ ጠፍቷል» ሲል ከረመ። አንዲት ሴት የሞተው ባሏ ሲጨፍር የሚታየው እዚያ ላይ ብቻ እንደነበር ነግራው በሩን ዘጋችበት። የተፋቱት በዲስኩ አይደለም። «እኔ ነኝ» ብትለው በሳምንቱ ይረሳው ነበር። የተፋቱት ስላላለችው ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ዲስኩ አንስተው አያውቁም። ያላነሡትን ነገር ጠያቂው ከየት ይሰማዋል?

ሦስት ሳምንት ጠበቁ። የሶሊያና ነጭ ሕዋሶች ከደሟ ተለይተው ካንሰሩን አውቀው የሚያጠቁ ዘቦች እንዲሆኑ ሊሠለጥኑ ተወስደው ነበር። ሰው ለእንዲህ ያለው ጊዜ «ሕዋሶቼ ትምህርት ቤት ናቸው» ይላል። ጎረቤት ሲያገኛት «እንዴት ሆኑልሽ፣ ፈተና ደረሰ?» ይላታል። ከብዙዎቹ የበቀሉት ጥቂት ነበሩ፤ አንድ ትንሽ ከረጢት ብቻ ሞሉ። ማክሰኞ ዕለት «ተመርቀዋል» የሚል መልእክት መጣላት።

«ከእኛ ቤት ማዕረግ ይዘው የተመረቁ የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው» አለች።

ማቆያው ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ተራራውን የሚያሳይ ትልቅ መስኮት። የተቀቀለና የታሸገ ምግብ ብቻ ይገባል። ኢዮስያስ ከመግባቱ በፊት ሦስት ቀን ለብቻው ተቀምጦ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ልብስ ለብሶ ነበር። ቅጹ ላይ ስሙን ሲፈልግ «የክትትል መሣሪያዎች» በሚለው ርዕስ ሥር አገኘው፦ የሙቀት መለኪያ፣ የኦክስጅን መለኪያ፣ አቶ ኢዮስያስ።

የምታስገባቸው ነርስ ሲስተር ትርንጎ ትባላለች። የአስካለ እኩያ ነች።

«አባባ፣ ማስታመሙን ለእኛ ይተዉልን» አለችው። «እርስዎ እንደ ወትሮው ይጣሉ።»

«እንደ ወትሮው?»

«እንደ ወትሮው። ዘቦቹ ካንሰሩን ሲያጠቁ አንዳንዴ ግርግሩ ጭንቅላት ይደርሳል። አነጋገሯ ሲለወጥ ከማሽኑ ቀድሞ የሚሰማው የለመደ ጆሮ ነው።» በሩ አጠገብ ያለውን ቁልፍ አሳየችው። ላዩ ላይ «ልክ አይደለችም» ይላል። «ይህን ከተጫኑ ማሽኑን አንጠይቅም። ማብረጃውን እንሰጣለን።»

«ብሳሳትስ?»

«ማብረጃው ዘቦቹን ሊያስተኛቸው ይችላል። ቶሎ ከተኙ ካንሰሩን ሳይጨርሱት ይቀራሉ። የእሷ ደግሞ አንድ ከረጢት ነው፤ ሁለተኛ የለንም።»

«ብዘገይስ?»

«ከዘገዩ ጭንቅላቷ ይጎዳል።»

ኢዮስያስ ቁልፉን አየው። ከቤቱ የመብራት ማብሪያ አይበልጥም።

ከረጢቱ ወደ ደሟ ገብቶ እስኪያልቅ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ክፍሉ የተቀቀለ በቆሎ ሸተተ፤ ሕዋሶቹ ያደሩበት ፈሳሽ ሽታ ነው አሉ።

«በቃ?» አለች ሶሊያና። «ይኸው ነው? የከተማ አውቶቡስ እንኳ ከዚህ በላይ ያስጠብቃል።»

ከዚያ ወዲያ ቀኑ አንድ ዓይነት ሆነ። ጠዋት ከመቶ ጀምራ በአሥር በአሥር ወደ ታች ትቆጥራለች። ሲስተር ትርንጎ ሦስት ዕቃ ታሳያታለች፣ ሶሊያና ስማቸውን ትናገራለች። ከዚያ በእስክሪብቶ አንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች። በእጅ መጻፍ የቀረ ነገር ስለሆነ ከመግባቷ በፊት ሦስት ሳምንት ተለማምዳለች፤ ማሽኑ የሚያየው የፊደሉን መንቀጥቀጥ ነው። ከዚያ ከኢዮስያስ ጋር ሃያ ደቂቃ ወግ፣ ማታም ሃያ ደቂቃ።

የመጀመሪያው ቀን ዓረፍተ ነገር፦ «ኢዮስያስ ሲያንኮራፋ የጦሳ ጅብ አገር ለቅቆ ይሄዳል።»

ሁለተኛው፦ «ኢዮስያስ በነጭ ልብስ የተላጠ ድንች ይመስላል።»

በሦስተኛው ቀን ሙቀቷ ሠላሳ ዘጠኝ ከስድስት ገባ። ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ጻፈች፦ «ትኩሳቱ ከኢዮስያስ ወግ ይሻላል፣ ቢያንስ ይወርዳል።» ማሽኑ መንቀጥቀጡን አይቶ ቢጫ አበራ። ሲስተር ትርንጎ ዓረፍተ ነገሩን አንብባ ቢጫውን መብራት አጠፋችው።

«እማማ፣ ዛሬ እንዴት ነዎት?»

«እማማ አትበይኝ። ላሽ በይ!»

ሲስተር ትርንጎ ወደ ኢዮስያስ ዞረች። «ምን ማለታቸው ነው?»

«ሂጂልኝ ማለቷ ነው። የእኛ ዘመን አራዳ ነው፤ ጤነኛ ነች።»

ከመስኮቱ በታች ጠያቂ ሰዎች ይመጣሉ። መግባት ስለማይቻል ሣሩ ላይ ይቆሙና ወደ መስኮቱ እጅ ይነሣሉ፤ ያመጡት ብርቱካን ከበሩ ይመለሳል። የእድሩ ሰዎች ሁለት ቀን ሙሉ ቆመው እጅ ሲነሡ የዋሉት ለሌላ ሰው መስኮት ነበር። ሰውየውም አላሳፈራቸውም፤ በሁለቱም ቀን ተነሥቶ እጅ ነሥቷቸዋል። አስካለ ብቻ መስኮቱን አልሳተችም። በየቀኑ ከሥራ መልስ ትመጣና በስልክ ታወራለች።

«እማ፣ እንዴት ነሽ?»

ሶሊያና አፏን ከፍታ ኢዮስያስን አየችው። ኢዮስያስ ቅንድቡን አነሣ።

«ትናንት ማታ አስታወከኝ» አለች ሶሊያና። «እግሬም ይቆረጥመኛል። እንዲህ ነኝ።»

አስካለ ሣሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። «እሺ እማዬ፣ አመሰግናለሁ» አለች። ስልኩ ሲዘጋ ሶሊያና ባሏን፣ ማለት የቀድሞ ባሏን፣ በትራስ መታችው።

«አየህ፣ አስለቀስካት!»

«በዝርዝሩ ላይ ሠላሳ ስምንተኛ አድርጌልሻለሁ።»

«ሙድ አትያዝብኝ!»

በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። በአምስተኛው ስለ ፍሬ ተጣሉ፤ ዘይቶኑ ፍሬ ሲያፈራ አጥር ተሻግሮ የወደቀው የማን ነው በሚል። ሃያ ደቂቃው አርባ ሆነ። ሲስተር ትርንጎ በመስታወቱ በኩል እያየች «በጣም ጥሩ» ብላ መዘገበች።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ጉም ጦሳን ሸፍኖት ነበር። የሶሊያና ሙቀት ሠላሳ ስድስት ከሰባት። ከመቶ ወደ ታች ቆጠረች፤ አልሳተችም። ሰዓት፣ ብርጭቆ፣ መቀስ ብላ ሦስቱንም ጠራች። ጻፈች፦ «ዛሬ ጉም ነው፣ ያምራል።» ፊደሉ ቀጥ ያለ ነበር። ማሽኑ አረንጓዴ አበራ፣ ሲስተር ትርንጎም ወጣች።

ኢዮስያስ ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ አነበበው። ስሙ የለበትም።

ወንበሩን ስቦ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። ሁለት ኩባያ እርጎ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእሱ።

«ያን ቅጠል ሳስበው ነበር» አለች።

«የቱን ቅጠል?»

«የዘይቶኑን። ይውደቅ። ቅጠል አይደል?»

«አሸንዳውስ?»

«አሸንዳ ይጠረጋል ኢዮሲዬ።»

ኢዮሲዬ ብላ የጠራችው መቼ እንደሆነ ሊያስታውስ ሞከረ። አስካለ ያኔ ገና ጥርስ አላወጣችም ነበር።

«ዲስኩን እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች።

ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነበር። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ ቃሉን ቀስ አድርጋ አንድ በአንድ ታስቀምጠዋለች።

«የደንበኛ ስልክ ላጸዳ ብዬ ገመዱን ተሳስቼ አንተው ላይ ሰካሁት። ወዲያው ነው ያወቅኩት። እስከ ማታ ልመልሰው ሞከርኩ፣ እንቢ አለኝ። የእኛንም ሠርግ አጠፋሁት። ስትጠይቀኝ ፈራሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቀኑ ረዘመብኝ። በየሰው ቤት ስትዞር አይሃለሁ፣ አልናገርም። ይቅር በለኝ።»

እውነት መሆኑን አልተጠራጠረም። ገመዱን፣ ደንበኛውን፣ ጠረጴዛውን፣ ሁሉንም አየው። የተጠራጠረው የምትናገረውን ሴት ነው።

ቁልፉ ከወንበሩ አራት እርምጃ ይርቃል። ከተጫነው ይህ የሰማው ነገር ሁሉ ፋይሏ ላይ የሕመም ምልክት ተብሎ ይጻፋል። ከተሳሳተ ደግሞ ያቺን አንዲት ከረጢት በገዛ እጁ ያስተኛታል፤ ሴትዮዋ በስድሳ አራት ዓመቷ ልቧ ስለራራ ብቻ። ሰው በሞትና በመዳን መሐል ሆኖ ልቡ አይራራም? ይራራል። ጤነኛ ሰውም ይቅርታ ይጠይቃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀውን ቃል ሰምቶ ነርስ የሚጠራ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ትንሽ ልቀመጥ፣ አለ በልቡ። ትንሽ ብቻ።

ተቀመጠ። ጉሙ በመስኮቱ ላይ እያለፈ ነበር። ሶሊያና ፈገግ ብላለች። ፊቷ ያን የሠርግ ቀን ፊቷን ይመስላል፤ ዲስኩ ላይ የነበረውን፣ ዳግመኛ አያየውም ብሎ የተወውን።

ከዚያ እጇን ዘርግታ የእርጎ ኩባያዋን ወደ እሱ ገፋችው።

«ያንተ ትንሽ ነው» አለችው። «ይህን ጨምርበት። እኔ ደህና ነኝ።»

ኢዮስያስ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣና ቁልፉን ተጫነ።

ሲስተር ትርንጎ ሮጣ ገባች። ማሽኑን አየች፤ ሁሉም አረንጓዴ ነው።

«ምን ሆኑ አባባ?»

«ይቅርታ ጠየቀችኝ።»

«እሱ ጥሩ አይደለም እንዴ?»

«ለሌላ ሰው ጥሩ ነው።»

«ምንም አልሆንኩም የኔ ልጅ» አለች ሶሊያና ከአልጋዋ። «በከንቱ ነው ያደከመሽ። አትቸገሩ።»

«ሰማሽ?» ኢዮስያስ ጮኸ። «አትቸገሩ አለች! ባለፈው ምን አለችሽ? ላሽ በይ አይደል ያለችሽ? እርጎዋንም ሰጠችኝ። ይቺ ሴትዮ በተጋባን በሦስተኛው ቀን ከሳህኗ ብቀምስ በሹካ ወግታኛለች! ስጫት፣ ደንቡ ነው፣ ስጫት!»

ሲስተር ትርንጎ ለአንድ አፍታ ሁለቱን አየቻቸው። ከዚያ ማብረጃውን ሰጠች።

አርባ ደቂቃ አለፈ። ኢዮስያስ ወንበሩን አላነሣውም፤ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲስተር ትርንጎ ማንኪያ አነሣች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እሱማ… ያ ነው…» ሶሊያና ፈገግ እንዳለች ነበረች። «መስኮት።»

እስክሪብቶ ሰጧት። እጇ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር አሰመረና ቆመ። ማሽኑ ያን ጊዜ ቀይ አበራ።

ሁለት ቀን አላወቀችውም። ሲጠሯት ዞር ትላለች፣ ቃል ግን የላትም። ክፍሉ በሰውና በመሣሪያ ተሞላ። ኢዮስያስ እንዲወጣ ተጠይቆ «እኔም መሣሪያ ነኝ፣ ቅጹን እዩት» ብሎ ጥግ ላይ ቀረ። አስካለ በስልክ «አባ፣ እንዴት ነች?» ስትለው እንዳየው ነገራት፤ ስለ ሕመሟ አንድም ነገር አላስቀረም። ሲስተር ትርንጎ በሁለተኛው ቀን ማታ ከአጠገቡ መጥታ ቆመች።

«ማሽኑን ብንጠብቅ ኖሮ…» ብላ ጀመረችና ተወችው።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሶሊያና ዓይኗን ገልጣ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ሰው ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ምን ታፈጣለህ?» አለችው። «ጢምህ ደግሞ እንደ ፍየል አድጓል።»

ኢዮስያስ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገብቶ ውኃውን ከፈተ። እስኪወጣ ብዙ ቆየ።

ግን አልተረጋጋም። ከማቆያው ወጥተው ወደ ግቢያቸው ተመለሱ፤ እሷ በአጥሩ ወዲያ፣ እሱ በወዲህ። አሁን የሚፈራው ሌላ ነው። ማብረጃው ዘቦቹን ቶሎ አስተኝቷቸው ቢሆንስ? ከሠላሳ ቀን በኋላ ምርመራው አለ። እስከዚያ በየቀኑ ጠዋት መሰላል አቁሞ አሸንዳውን ጠረገው፤ ቅጠል በሌለበትም ቀን።

«ምን ሆነሃል አንተ?» ትለዋለች ከመስኮቷ። «ቆርቆሮውን ልትፈገፍገው ነው?»

ውጤቱ የመጣው በኅዳር መጨረሻ ነው። የደወለችለት እሷ ነች።

«ስማ።»

«አሸንዳው?»

«አልተኙም» አለች። «ጨርሰውታል። አንድም የለም አሉ፣ አንድም።»

ስልኩን ይዞ መሰላሉ ሥር ተቀመጠ። ከአጥሩ ማዶ ስታለቅስ ይሰማዋል፤ በስልኩም ይሰማዋል፤ የስልኩ ትንሽ ዘግየት ይላል።

ዘቦቹ ሲያጸዱ የድሮውን መከላከያዋንም አብረው ጠርገውታል። ስለዚህ በስድስተኛው ወር ሶሊያና እንደ ሕፃን ልጅ ክትባት ከመጀመሪያው መጀመር ነበረባት። ለእንዲህ ያለው የተመደበ ቦታ ገና የለም። ቀጠሮው በቀበሌው ጤና ጣቢያ፣ ከሕፃናቱ ጋር ነው።

ግንቦት ውስጥ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ እሷና ኢዮስያስ እናቶች በተደረደሩበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በቀኛቸው ያለው ሕፃን የአርባ አምስት ቀን ልጅ ነው። እናትየው የሶሊያናን ቢጫ የክትባት ካርድ አይታ «ለልጅ ልጅዎ ነው?» አለቻት።

«ለራሴ ነው። አርባ አምስት ቀኔ ነው።»

እናትየው ስቃ ዞረች። ሶሊያና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ፋይሌን አነበብኩት» አለች።

ኢዮስያስ ዓይኑን ከሕፃኑ ላይ አነሣ።

«'የባህርይ ለውጥ፦ ይቅርታ ጠይቀዋል' ይላል። ምን ብዬ ነው?»

ሐኪሞቹ የዚያ ጠዋት ትዝታዋ ሁሉ ጠፍቷል ብለውት ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ባትጠይቀኝ ይሻላል፣ ብትጠይቀኝ ይሻላል፣ ሲል ከርሟል።

«ዲስኩን እኔ ነኝ ያጠፋሁት አልሽ» አላት። «ገመዱን ተሳስተሽ እንደሰካሽው። እንደፈራሽ።»

ሶሊያና ካርዱን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ከወዲያ አንድ ሕፃን ተወግቶ ጮኸ፣ ሌሎቹም ምክንያቱን ሳያውቁ ተከተሉት።

«ሌላም ይላል ፋይሉ» አለች ጩኸቱ ሲበርድ። «ከተናገርኩት ቃል እስከ ቁልፉ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ይላል። ምን ትሠራ ነበር?»

ይህን የሚያውቅ ሰው ያለ አልመሰለውም ነበር። ለአስካለ እንኳ አልነገራትም።

«ተቀምጬ ነበር።»

«ጭንቅላቴ ሲቃጠል?»

«አዎ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ነው። ትንሽ ልስማው ብዬ ነው። ጥፋት ነው። ብትሞቺብኝ በእኔ ነበር። ይቅርታ።»

ሶሊያና ዞራ አየችው። እንዲህ አስተውላ ያየችውን ሰው ብዙ ጊዜ ስድብ ይከተለዋል። ኢዮስያስም ጠበቀ።

«አራት ደቂቃ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት» አለች። «እኔ ብሆን አንድ ሰዓት እቀመጥ ነበር።»

«ሶሊያና!» ብላ ክትባት የምትሰጠው ልጅ ከበሩ ተጣራች። ከዚያ የሕፃን እናት በዓይኗ ፈለገች።

ሶሊያና ተነሣች፤ ቦርሳዋን አስያዘችው፤ የግራ እጅጌዋን መሰብሰብ ጀመረች። ሦስት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች።

«ዲስኩን አጥፍቼዋለሁ» አለችው። «አሁን ቆሜ፣ በጤናዬ ነው የምነግርህ። ይቅርታውን ግን ገና እያሰብኩበት ነው።»

ኢዮስያስ ቦርሳውን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ተነሣ። የእጁን ጀርባ ግንባሯ ላይ አደረገ። ቀዝቃዛ ነበር።

«ምን ታደርጋለህ አንተ ሰውዬ? ሰው ያየናል እኮ።»

«ዝም በይ አንዴ» አላት፣ እጁንም እዚያው ተወው።